«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» ስለሚለው ተረት የቀረበ ሂስ

ባለፈው ዓመት ማሽላው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ በቆቦ የእህል ተራ ቆሜ ዋጋ ስጠያይቅ፣ ዕድሜው ከአርባ አምስት ዓመት ያለፈ አንድ ሰው በአህያ ሁለት ጆንያ ማሽላ ጭኖ መጣ። ነጋዴው እህሉን በመዳፉ ዘግኖ አየ፤ በዋጋውም ተስማማ። ገንዘቡን ሊቆጥርለት ሲል ግን አጠገቡ የቆመው ባልንጀራው ሣቅ እያለ፣ «ቶሎ በል እንጂ፣ ቀትር ሳይደርስብህ ጨርስ!» አለው። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ነገሩ ገብቷቸው ሣቁ። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ቢሰማው ሰውየው የቆላው ፀሐይ እንዳይበረታባቸው ያዘነላቸው ይመስለው ነበር። ባለ ማሽላው ቀና ብሎ ፀሐዩን አየና፣ «ገና ነው፤ ሦስት ሰዓትም አልሞላ» ብሎ ብሩን አንድ ባንድ ቆጥሮ ተቀበለ፤ አህያውንም እየነዳ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ የቀልዱ ሥር «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚለው ተረት መሆኑን ሳትረዳው አልቀረህም። ይህን ተረት እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ በመምህርነቴም ዘመን ስናገረው ኖሬአለሁ። ተረትና ምሳሌ የአባቶች ጥበብ ነው እየተባልን ስላደግን፣ አንዱን ተረት እንደ መጽሐፍ አቅርቦ መመርመርና ጥፋቱን መንቀፍ ድፍረት መስሎ ይታያል። ነገር ግን በመጽሐፍ ላይ ሂስ የሚጻፍ ከሆነ፣ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰው በቃሉ በሚያውቀው ተረት ላይ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም። መጽሐፍ የማያነብ ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ተረት ያልሰማ ግን በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም።

ሂስ የሚጽፍ ሰው የሚነቅፈውን ነገር እውነተኛ ጎን አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። ይህን ተረት የተናገረው የመጀመሪያው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያየውን ነው የተናገረው። ዛሬ ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ የሚሉት ሕመም በብዙ ሰው ላይ መጣ ሄደት የሚል ነው። ሌሊቱን ከማይታይ ሰው ጋር ሲከራከር ያደረው ልጅ ሲነጋ ተረጋግቶ ቡናውን ይጠጣል፤ የመጣውን ሰው «እንዴት አደራችሁ» ይላል፤ እናቱም ተመስገን ትላለች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያው ነገር ይመለሳል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ በየቤቱ የታየ እውነት ነው፤ ተረቱም ለዚያ ዘመን የታመነ ምስክር ነበር። ጥፋቱ ምስክር ሆኖ መቆም ሲገባው ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ነው። ስለ ሕመሙ ጠባይ የተናገረውን ቃል በሰውየው ላይ ፍርድ አድርጎ አወጣው፤ እኩለ ቀንን አልፎ እስከ ማታ፣ ከዚያም እስከ ዓመትና እስከ ዐሥር ዓመት ደኅና ሆኖ ለቆየው ሰውም አንዳች ቦታ አልተወለትም።

«ጨመተ» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ በል። በአገራችን ጭምት ሲባል የረጋ፣ ቃሉን የሚቆጥብ፣ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ የማያንከራትት ሰው ማለት ነው፤ ሴት ልጁን ሊድር የሚያስብ አባት ሁሉ ጭምት አማች ይመኛል። እንግዲህ ተረቱ እብደትን የጭምትነት ተቃራኒ አድርጎ ሲያስቀምጠው፣ ጩኸት እብደት፣ ዝምታ ጤና ሆነ ማለት ነው። ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዝምታ ነውና።

ሐኪሞች የዚህን ሕመም ምልክቶች በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ወገን በጤነኛ ሰው ላይ የሌለ ነገር በሕመምተኛው ላይ ሲጨመር ነው። ማንም ያልተናገረውን ድምፅ በጆሮው ይሰማል፤ ድምፁ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራውን ሁሉ እየተከተለ «አሁን ተነሣ፣ አሁን በላ» እያለ ያወራበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሆነው ስለ እርሱ ይነጋገራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይሰድቡታል፣ ያዝዙታል። ጎረቤቱ በምግቡ መርዝ እንደ ጨመረበት፣ አሳቡ ከራሱ ወጥቶ ለሰው ሁሉ እንደ ተሰማ፣ በራዲዮ የሚነገረው ለእርሱ ብቻ የተላከ መልእክት እንደ ሆነ ያምናል፤ ቢያስረዱትም፣ ቢምሉለትም እምነቱን አይለቅም። ንግግሩም አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ይበታተናል። ሁለተኛው ወገን በጤነኛ ሰው ላይ ያለ ነገር ከሕመምተኛው ሲጎድል ነው። በፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አይታይም፤ መልሱ አንድና ሁለት ቃል ይሆናል፤ ገላውን መታጠብ፣ ልብሱን መለወጥ ይተዋል፤ ከወዳጅ ይርቃል፤ ሥራ ልጀምር ቢል ፈቃዱ ይከዳዋል። የፊተኛው ወገን ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የኋለኛው ማንንም አይቀሰቅስም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው፣ መድኃኒት ድምፆቹን ካጠፋቸው በኋላም ቆይቶ የሚቀረው እርሱ ነው።

ሕመሙም አንድ ብቻ አይደለም። እኛ ማሽላ ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን የቆቦ ገበሬ ደገሊት ነው፣ ጅጉርቲ ነው እያለ እንደሚለየው፣ ሐኪሙም ይለየዋል። አንድ ወር ሳይሞላው የሚያልፍ አለ፤ እስከ ስድስት ወር የሚቆይ አለ፤ ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም የሚሰጡት ስድስት ወር ለሞላው ነው። ከጽኑ ትካዜ ወይም ከመጠን ካለፈ ፈንጠዝያ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣም አለ። ሰውየው በሌላው ነገር ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ አንድ የሐሰት እምነት ብቻ የሚይዘውም አለ። እኛ ለዚህ ሁሉ ያለን ቃል «እብድ» የሚለው ብቻ ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ ከልክ እንዳናልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰው በዛር ወይም በመንፈስ ስላመነ ታሟል አይባልም፤ ሰፈሩ በሞላ የሚያምነውን ማመን ሕመም አይደለም። እናቷ የሞተችባት ሴት በኀዘኗ ሰሞን የእናቷ ድምፅ ሲጠራት ብትሰማ ይህም እብደት አይደለም። ሕመምተኛው የሚያምነውን ግን የገዛ እናቱም፣ የንስሐ አባቱም፣ ሼኹም አያምኑለትም። እርሱ በዚያ እምነት ውስጥ ብቻውን ነው።

አሁን ወደ ባለ ማሽላው ልመለስ፤ ስሙን አልጠራም። በ1988 ዓ.ም. ተማሪዬ ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከዞብል ተራራ ግርጌ ካለ መንደር እየተመላለሰ ይማር ነበር፤ በሒሳብ ትምህርት የሚወዳደረው አልነበረም። በዓመቱ መካከል ከጓደኞቹ ተለየ። እናቱ ለወላጆች ስብሰባ በመጣች ጊዜ ደስ ብሏት፣ «ልጄ ጭምት ሆነልኝ፤ ከጎረምሶች ጋር መዋሉን ትቶ ከቤት አይወጣም» አለችኝ። እኔም «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኋት። ይህን ቃል ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ መጻፉን ተወ። ጠጉሩ ተቆጣጠረ፤ ያንኑ ልብስ ሳያጥብ ሰነበተ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ የመጀመሪያው ሕግ ንጽሕናና ትጋት ስለ ነበረ ጧት ጧት ተሰልፈን ጥፍራችን ይታይ ነበር። ያንኑ ሥርዓት በክፍሌ አቁሜ ስለ ነበር የልጁን ነገር ስንፍና ነው ብዬ ቈረጥሁ። አንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቢቀመጥብኝ፣ «አንተን እኮ ነው፤ ስማ!» ብዬ ጮኽሁበት። ዘወር ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የቱን ልስማ?» አለኝ።

ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። እኔ ግን የተቀለደብኝ መሰለኝና በአለንጋ መታሁት፤ ደወል እስኪደወልም በክፍሉ ፊት አንበረከክሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። ስሙ ፊት ጥቂት ቀን ቀሪ እያልሁ ስጽፍ ቆየሁና በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁት።

ስለ ሣቁ ልጆቹን አልወቅስም። «እብድና ብርድ ያስቃል በግድ» የሚል ሌላ ተረት አስተምረናቸው ነበር፤ ተፈቅዶላቸው ሣቁ። የምወቅሰው መምህሩን ነው። ልጁ ከተማሪዎቼ ሁሉ ለጥያቄዬ ትክክለኛውን መልስ የሰጠኝ እርሱ እንደ ነበረ የገባኝ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለ አእምሮ ሕመም የተማረ አንድ ነርስ ስለ ድምፆቹ ሲያስረዳ በሰማሁ ጊዜ ነው።

ወላጆቹ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ጠበል አደረሱት። የወሎ ነገር ነውና፣ ቤተ ሰቡ ክርስቲያን ቢሆንም ሙስሊም ጎረቤቶቹ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉለት። አንድ የክረምት ሌሊት ድምፆቹ አዝዘውት ወደ ጎሊና ወንዝ ሮጠ፤ ሙላት ነበረና በሰው ብርታት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ አባቱ እግሩን በሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረው፤ አንድ ጊዜ እየፈቱ፣ አንድ ጊዜ እያሰሩ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። አባትየውን ለመኰነን አይደለም ይህን የምጽፈው። በሶዶ ወረዳ ስለ ታሰሩ ሕመምተኞች የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቤተ ሰብ የሚያስረው በአብዛኛው ጨክኖ አይደለም፤ ሕክምና አጥቶ፣ ልጁ ጠፍቶ እንዳይቀር ወይም ሰው እንዳይጎዳና ሰው እንዳይጎዳው ፈርቶ ነው። እኔ በአለንጋ የመታሁት ግን ምን ፈርቼ ነው?

ይህ የአንድ ልጅ ዕድል ብቻ እንዳይመስልህ፣ በአገራችን የተደረገውን ታላቅ ቈጠራ ልንገርህ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቡታጅራ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 321 ሰዎች ስኪዞፍሬንያ እንዳለባቸው ተረጋገጠ፤ ይኸውም ከሺህ ሰው አምስት ሊሞላ ጥቂት የጐደለው ነው። ከመቶው ሰማንያ የሚበልጡት ያን ዝምተኛውን ወገን ምልክት ይዘው ተገኙ። ከዚያ በፊት የዚህን ሕመም መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከመቶው ዐሥር እንኳ አልሞሉም።

ከ321ዱ 267ቱ ወንዶች፣ 54ቱ ሴቶች ናቸው። በሌላው ዓለም ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። የአገራችን ሴቶች ከሕመሙ ተርፈው ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ወንድ ልጅ ዝም ሲል ሰነፍ ይባላል፤ ሴት ልጅ ጓዳ ገብታ ዝም ስትል ግን ጨዋ ትባላለችና፣ ቈጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ስሟን የሚያነሣ ላይኖር ይችላል። ይህ የእኔ ጥርጣሬ ነው፤ ነገር ግን እናትየዋ «ጭምት ሆነልኝ» ያለችኝን ሳስብ ጥርጣሬው ይበረታብኛል።

በዚያው አገር ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ዐሥር ዓመት ሙሉ ተከታትለዋቸው 121ዱ ሞቱ፤ ይህም በዚያው አገር ከሚኖረው ሌላ ሰው ሞት በእጥፍ ይበልጣል። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው እንጂ ድምፅ መስማት አይደለም፤ ማንም ሰው ቢታመም የሚታከመውን በሽታ እነርሱ «እብድ» ስለ ሆኑ ያያቸው አልነበረምና። «እብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» እያልን እንፈራቸዋለን፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በማንም ላይ ድንጋይ አያነሡም፤ ከሚመቱት ይልቅ የሚመቱት ይበዛል ልል ብዬ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ሆኖብኝ ነበርና፣ ሌላውን ከሚጎዱት ይልቅ በሌላው የሚጎዱት ይበዛል ልበል።

እንግዲህ ተረቱን በቁጥር እንመዝነው። እነዚያን የቡታጅራ ሕመምተኞች አምስት ዓመት ሲከታተሏቸው፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሕመሙ ለቅቆት በዚያው ጸንቶ ቆየ። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የጐደሉት ግን ምልክቱ ሳይለያቸው ኖሩ። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ልሸሽገው አልፈልግም፤ ሕመሙ ከባድ ነው። በድኻ አገር፣ በዘመድ መካከል የሚኖር ሕመምተኛ ካደጉት አገሮች ሕመምተኛ ይልቅ ቶሎ ይድናል የሚል አሳብ ከዓለም የጤና ድርጅት የቀድሞ ጥናቶች ተነሥቶ ለብዙ ዓመት ሲነገር ነበር፤ ለእኛ ደስ የሚል ምስጋና ነበር፣ የቡታጅራ ነገር ግን ምስጋናውን በደስታ ለመቀበል አያስችልም። ሆኖም ከአምስት አንድ ማለት ጥቂት አይደለም። መድኃኒት እምብዛም በማይገኝበት አገር ከአምስቱ አንዱ እኩለ ቀንን አልፏል።

ተረተኞች እኛ ብቻ አለመሆናችንንም ማወቅ ደግ ነው። ክሬፕሊን የተባለው የጀርመን ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ይህን ሕመም ያለ ዕድሜ የመጣ ጅጅት የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ስም ጠራው፤ ፍጻሜው በአብዛኛው የአእምሮ መድከም ነው ብሎ ስላመነ ነው። ከተረታችን የሚለየው በላቲን መነገሩ ነው። የስዊስ ሰው የሆነው ብሎይለር ግን ሕመምተኞቹን ከቅርብ ሆኖ አይቶ፣ ሁሉም ወደዚያ እንደማይደርሱ ስለ ተረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም አወጣ። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን የተከፈለ አእምሮ ማለት ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው የሚኖርበት ሕመም ይመስለዋል፤ ግን አይደለም። ጃፓኖችም ይህንኑ ስም ወደ ቋንቋቸው መልሰውት ኖረው፣ ሕመምተኞቹንና ቤተ ሰቦቻቸውን እንዳሳፈረ አይተው እ.ኤ.አ. በ2002 በሌላ ቃል ለወጡት። አንድ ሕዝብ ስለ ሕመምተኞቹ ክብር ቃሉን ሊለውጥ ከቻለ፣ እኛ አንድ ተረት ብንተው አማርኛችን አይደኸይም።

ተረቱ በሕመምተኛው ላይ ብቻ አያበቃም፤ እስከ ዘር ይሄዳል። በቡታጅራ ከተጠየቁት 178 ቤተ ሰቦች ከመቶው ሰባ አምስቱ በሕመምተኛቸው ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። በእኛም አገር «በዘራቸው እብደት አለ» ተብሎ የፈረሰ ጋብቻ አውቃለሁ። ሕመሙ በዘር ጥቂት እንደሚተላለፍ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአባትና ከእናት አንዱ ብቻ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ከዐሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ከሕመሙ ነጻ ሆነው ይኖራሉ። የተባሉት ሽማግሌዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ያ ጋብቻ ይፈርስ ነበር ወይ? ጫትና ሐሺሽም የተዘጋጀውን አእምሮ እንደሚቀሰቅሱት ይታወቃል፤ ይህን በራያ ላለ ወጣት በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። የወላጅ ክፉ አስተዳደግ ያመጣዋል የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ የብዙ እናት ልብ በከንቱ ተሰብሮበታል።

ስለ ጠበሉ አንድ ቃል ልናገር፤ እኔ በሚሲዮን በማደጌ ጠበልን የምነቅፍ የሚመስለው አይጠፋምና። በወንጌል የተነገረውን በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰንሰለት አስረውት ነበር፤ ሰንሰለቱ አላዳነውም። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን የከተማው ሰዎች ነገር ነው። ሰውየው ልብሱን ለብሶ ረግቶ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ደስ ሊላቸው ሲገባ ፈሩ። ሲጮኽ ለምደውት ነበር፤ ሲጨምት ግን ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም። እርሱም ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ ተነገረው። እንግዲህ ጸሎት የሚያጽናናውን ሰው ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ ክኒኑን ከልክሎ በሰንሰለት ከሚያኖረው ጋር ብቻ ነው ጠቤ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ጠበሉንም እንዲጠመቁ የሚፈቅዱ አባቶች አሉ፤ ዱዓውን አድርሰው «ሐኪምም ዘንድ ውሰዱት» የሚሉ ሼኾችም አሉ፤ እግዚአብሔር ያብዛልን።

መድኃኒቱ የተገኘው ሩቅ ዘመን አይደለም። ክሎርፕሮማዚን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት በፈረንሳይ አገር ለእነዚህ ሕመምተኞች የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በእኛ አገር በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥር ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለ ነበር፣ ከቆቦ የሚነሣ ሕመምተኛ አምስት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት፤ ማን ይዞት ይሂድ? በኋላ ግን በዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች በየአውራጃው ሆስፒታሎች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የሶዶና የአካባቢው ጥናት ደግሞ፣ ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚያክሟቸው ሕመምተኞች፣ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚታከሙት ያላነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህን ሳነብ ያ ልጅ በአለንጋ ከተመታበት ክፍል እስከ ቅርብ ጤና ጣቢያ ድረስ ያለውን መንገድ በአሳቤ ለካሁት፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የእኔ ተማሪ መድኃኒት ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ተሰጠው። በመጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ ይደርቅ ነበር፤ ለዚህም ሌላ ክኒን ተጨመረለት። በሦስተኛው ወር ድምፆቹ ራቁ፤ ሰንሰለቱም ተፈታ። የአባቱን መሬት ማረስ ጀመረ፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ለማግባት ከመንደሩ ሰው ጋር ተራ ይገባ ነበር። ዐሥር ዓመት እንዲህ ኖረ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፤ መድኃኒት ጠፋ፤ የስኳርም፣ የደም ግፊትም ሕመምተኛ ሲጎዳ አየን። እርሱም መርፌው ለብዙ ወራት ተቋረጠበት፤ ድምፆቹ ተመለሱ፤ ራቁቱን ወጥቶ በማሽላው መካከል ሲሮጥ ታየ። ያን ጊዜ ነው ተረተኛው ሁሉ «አላልናችሁም?» ያለው። አስተውል፤ በዚያው ሰሞን ኢንሱሊን አጥቶ የወደቀውን ሰው «ስኳር ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» ያለ አልነበረም። መንገዱ ተከፍቶ መርፌው ሲመለስ እርሱም ተመለሰ፤ ይህን ግን ማንም አላወራውም። ተረቱ ለመውደቁ እንጂ ለመነሣቱ ቃል የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ከእርሱ ተምሬአለሁ፤ በኋላም በቡታጅራ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ሲናገር አገኘሁት። መድኃኒቱ ያስርባል። ሰው መድኃኒቱን ሲተው እልኸኛ ነው፣ እብደቱ ነው እንላለን፤ ብዙዎቹ ግን የሚተዉት የሚቀሰቅሰውን ረኀብ የሚያስታግስ እህል በቤታቸው ስለሌለ ነው። ዝናም በቀረበት ዓመት የቆቦ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ቁና ማሽላ መስጠት ራሱ ሕክምና ነው፤ ዕድራችን ለሞተ ሰው ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለዚህ ግን አላሰበበትም። በእኛ ዕድር ይህን አሳብ አንሥቼ ነበር፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተብሏል።

ያን የገበያ ቀን አህያውን ተከትዬ ከገበያው ጫፍ ላይ ደረስሁበት፤ ሻይ ቤትም ገባን። ለሠላሳ ዓመት ያህል የያዝሁትን ነገር፣ «በክፍል ውስጥ የመታሁህን ታስታውሰዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አስታውሳለሁ ጋሼ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ምን ያድርጉ፣ አልነገርሁዎትም» አለ። እኔ ግን ነግሮኝ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ጥቂት ዝም ብለን ቆየንና፣ የማሽላው ዋጋ ከአምናው በኩንታል ስንት እንደ ጨመረ በቃሉ አሰላልኝ፤ አልተሳሳተም። ሊነሣ ሲልም፣ «ነገ ወልድያ ልወርድ ነው፤ የሚላክ ነገር አለዎት?» አለኝ። የመነጽሬ እግር ተሰብሮ በክር አስሬው ነበርና፣ ከማሠሪያው ገንዘብ ጋር ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ አሠርቶ ከመልሱ ጋር ቤቴ ድረስ አመጣልኝ።